በዘጠኝና በአሥር መሃል

አሮጊቷ ግንባሯን መሬት አስነክታ ያለ ሰው እጅ የተነሳች ቀን ወደ አገሬ እንደምገባ የነገረኝ ልጇ ነው። በ2013 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ሪያድ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ የመኪና ቁልፉን እያሽከረከረ። የሁለት ዓመት ውሌ ካለቀ አራት ወር አልፎት ነበር። መጀመሪያ ስጠይቀው ኮሮና ነው፣ በረራ የለም አለኝ። በረራው ሲከፈት እናቴን ማን ይይዛታል አለኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስጠይቀው ሰለቸሁት መሰለኝ።

«እናቴ መሬት ወርዳ መስገድ የቻለች ቀን፣ ወላሂ፣ በማግስቱ ኹሩጅሽን አስመታልሻለሁ» አለ።

ኹሩጅ የመውጫ ፈቃድ ነው። ያለ እሱ ፓስፖርት በእጁ የያዘ ሰው እንኳ ከዚያ አገር አይወጣም፤ የእኔ ፓስፖርት ደግሞ በእሱ መሳቢያ ውስጥ ነበር።

ልጄን ደብረ ታቦር እናቴ ዘንድ ትቻት ስመጣ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። አሁን ስድስት አልፏታል። ስደውል እናቴ «ነይ እናትሽ ናት» ስትላት፣ «የትኛዋ? የስልኳ?» ብላ ስትጠይቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ስልኩን ዘግቼ ግን ልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ተደግፌ አለቀስኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ከመሄድ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም።

አሮጊቷን ማማ ከቢራ እላት ነበር፤ ትልቋ እናት ማለት ነው፤ ሠራተኛ ሁሉ የቤቱን አሮጊት የሚጠራው እንዲያ ነው። ሰማንያ ሊሞላት ምንም አልቀራትም። ምላሷና ዓይኗ እንደ ወጣት ነበሩ፤ ጉልበቶቿ ግን ከስምንት ዓመት በፊት ከድተዋታል። የቀኙ ይብስ ነበር። ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰግዳለች፤ ይህ ያንገበግባት ነበር። «ጌታዬን እንደ ሹም ተቀምጬ አናግረዋለሁ» ትላለች። እልኋን በእኔ ላይ ትወጣዋለች። መቁጠሪያዋን ሆን ብላ መሬት ትጥላለች። ጎንበስ ብዬ ሳነሳላት ዓይኗን ከእግሬ ሳትነቅል፣ «እይ እንዴት እንደሚታጠፍልሽ! ምንም አያምሽም፣ አይደል?» ትላለች። መልሼ ስሰጣት ደግማ ትጥለዋለች። አንድ ቀን ጠዋት ሰባት ጊዜ አንስቻለሁ።

አረብኛ አንቱታ የለውም። እንደመጣሁ ሰሞን የአያቴን እኩያ «አንቺ» ማለት አፌ ላይ ይተሳሰርብኝ ነበር። ከመቁጠሪያው ወዲህ ግን አንቺ ማለቱ ጣፈጠኝ።

ልጇ ቃሉን በሰጠኝ ሳምንት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አመጣ። ግብፃዊት ናት፤ ወፈር ያለች፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ የምትገባ ሴት። እሑድና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት እንዳለቀ ትመጣለች። የአሮጊቷን ጉልበት በሁለት እጇ ይዛ አጠፈችው፣ ዘረጋችው፣ ጆሮዋንም አስጠጋች። ከዚያ አስረዳችን። በሁለቱ አጥንቶች መሃል ያለው ልስልስ ነገር ተበልቷል፤ ተመልሶ አይበቅልም። ግን ከላይ ያለው የጭን ጡንቻ ከጠነከረ ክብደቱን ይሸከምለታል፣ ሕመሙም ይቀላል። ጉልበት ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል፤ ከመጠን በላይ ከተገፋም ያብጣል። «እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምመጣው» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ቀሪውን የምትሠሪው አንቺ ነሽ፣ ሐቢብቲ።»

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉልበቷ ላይ አደርጋለሁ። ከዚያ ሌላ ፎጣ ጠቅልዬ ከጉልበቷ ሥር እከታለሁ፤ እሷ ቁልቁል ትጫነዋለች፣ እኔ አሥር እስኪሞላ እቆጥራለሁ። ቀጥሎ እግሯን ሳታጥፍ ከአልጋው ታነሳለች፤ አሥር። ቀጥሎ ሦስት ትራስ ከተደረደረበት ወንበር በእጇ ሳትደገፍ ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። እየበረታች ስትሄድ አንድ አንድ ትራስ እየቀነስን ወደ መሬት እናወርዳታለን። ዱላዋን በደህናው እግር በኩል ትያዝ ተባለ፤ እሷ ግን ሁልጊዜ በታመመው በኩል ነበር የምትይዘው። የፊት ለፊቱ በር አሥር ደረጃ አለው፤ እዚያም ወስዳ አስተማረቻት። ሲወጣ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወረድ የታመመው። ልብስ ቁም ሳጥኑ ላይ ደግሞ ወረቀት ለጠፈች፤ ሕመሟ ከአሥር ስንት እንደሆነ በየቀኑ እንድጽፍበት።

የምቆጥረው በአማርኛ ነበር። በአረብኛ ብቆጥር ትከታተለኛለች። ከአንድ እስከ ስምንት እንደ ሰው እቆጥራለሁ። ዘጠኝ ላይ ስደርስ እቆማለሁ። መስኮቱን አያለሁ፤ የግቢውን ቴምር አያለሁ፤ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ እግሯ በአየር ላይ ይቆያል። «ኸላስ? ኸላስ?» ትላለች፤ አልበቃም ወይ ማለቷ ነው። ዘጠኝ እላለሁ እንደገና። ከዚያ ሲበቃኝ፣ አሥር። አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር። አልዋሽም፣ የመቁጠሪያዋን ሁሉ በዚያች በዘጠኝና በአሥር መሃል ነው የመለስኩላት።

ወረቀቱም ላይ ዋሸሁ። «ዛሬ ስንት ነው?» ስላት «ስምንት» ትለኛለች፤ ሦስት ብዬ እጽፋለሁ። ባለሙያዋ በወረቀቱ ነው የምትሄደው፤ ሕመሙ ከአምስት በላይ ከሆነ አትጨምርም። እኔ ደግሞ እንድትጨምር ነበር የምፈልገው። ሦስት፣ ሦስት፣ ሁለት እያልኩ ስጽፍ ባለሙያዋ ደስ አላት፤ አሮጊቷ ስታማርር «እሷ ታጋንናለች» ብዬ ጣልቃ እገባለሁ። ባለሙያዋም ሁለት ትራስ ባንድ ጊዜ አነሳች።

በሦስተኛው ቀን ጉልበቱ ሊጥ መሰለ። ይግላል፣ ከፎጣው በላይ ተነፍቷል፤ አሮጊቷ ሽንት ቤት መሄድ አልቻለችም። ባለሙያዋ መጥታ ጉልበቱን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየችኝ።

«ይሄ አህያ አይደለም» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «በዱላ አይሄድም። በሚቀጥለው ትክክለኛውን ጻፊ።»

ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ተመለስን። በረዶ፣ እረፍት፣ ሦስቱም ትራስ። ሁለቱን ሳምንት ያጠፋሁት ራሴ ነኝ፤ ልጄ ላይ ነው ያጠፋሁት። በራሴ ተናደድኩ እንጂ ለአሮጊቷ ግን አላዘንኩም።

ከዚያ በኋላ ልብ ገዛሁ። ስምንት ስትለኝ ስምንት ጻፍኩ። ስምንቱ ስድስት ሆነ፣ ስድስቱ አራት። ሦስቱ ትራስ አንድ ሆነ፣ አንዱም ተነሳ። ዱላዋን በትክክለኛው እጇ እንድትይዝ ቀን ከሌት ጨቀጨቅኋት፤ ያዘች። አልጋውን ተደግፋ በአንድ ጉልበቷ ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ወፍራም ትራስ መድረስ ቻለች። የደረሰች ዕለት የትራሱን ጨርቅ በመዳፏ እየዳበሰች ሳቀች፤ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

አንድ ቀን እግሯን አንስታ እኔ እየቆጠርኩ ሳለ ሐሳብ ያዘኝና የድሮ ልማዴ አመለጠኝ። ዘጠኝ አልኩ፣ ዝም አልኩ፣ ዘጠኝ አልኩ።

«ዘጠኝን ሁለቴ አልሽ» አለችኝ።

ዘጠኝ ያለችው በአማርኛ ነው። ከዚያ እግሯን እዚያው አየር ላይ እንዳንጠለጠለች፣ በተኮላተፈ አፍ፣ ከአንድ ጀምራ እስከ አሥር ቆጠረችልኝ። ለካ ወር ሙሉ ስታጠና ነበር። እየሰረቅኋት መሆኔን ካወቀች ስንት ጊዜ ሆኗት ይሆን? ለልጇ አልተናገረችም። ያኔ ለልጇ አለመናገሯን እንደ ደግነት ቆጠርኩላት፤ ሞኝ ነኝ።

ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ትራሱን አነሳንና እጇን ባዶ ምንጣፍ ላይ አሳረፈች። ግንባሯ መሬት ሊነካ የቀረው ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። እኔ ከጎኗ ተንበርክኬ «ያላ፣ ያላ፣ ትንሽ ብቻ!» እያልኩ ነው። አጠገቧ የተጋደመውን ዱላ አንስታ ጭኔን መታችኝ።

«ምን ያስቸኩልሻል? ጉልበቱ ያንቺ ነው?»

ያመመኝ ዱላው አልነበረም፤ ግን በዚያች ደቂቃ የሁለት ዓመት ተኩል ንዴት ነው ከአፌ የወጣው። «ልጅሽ ምሎልኛል!» አልኳት። «መሬት የሰገድሽ ቀን ኹሩጅ ይሰጠኛል። እሄዳለሁ። ስለዚህ ፍጠኚ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ላብ ከግንባሯ እየወረደ ነበር።

«ከዚህ ቤት?»

«ከዚህ ቤት። ከዚህ አገርም።»

«ኢንሻአላህ» አለች። ክንዴን ይዛ ተነሳች፣ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች፣ ውሃ አምጪልኝ አለችኝ።

በማግስቱ ጉልበቷ አልታጠፍ አለ። ወይ ፍንክች! ሙቅ ፎጣው አልሠራ፣ እሹሩሩው አልሠራ። ከወንበር ስትነሳ እንኳ ክንዴን ትይዛለች፤ ከትራስ ወርደን ወደ ትራስ ተመለስን። አያያዜን አይታ ጭብጦዬን ቀማችኝ። ባለሙያዋ መጥታ ዳበሰች፤ እብጠት የለም፣ ግለት የለም፣ የጭኗም ጡንቻ ጠንካራ ነው። ግራ ገባት። «ከአሥር ስንት ያምሻል፣ ማማ?» አለቻት።

አሮጊቷ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል «ዘጠኝ» አለች።

«ምን አለች?» አለችኝ ባለሙያዋ።

ዘጠኝ እንዳለች ወደ አረብኛ ተረጎምኩላት። «ትዋሻለች» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ሐሰተኛዋ እኔ እንደሆንኩ ያ ወረቀት መስክሮብኛል፣ ማን ያምነኛል?

ሰው አልሆነልኝም ብዬ ወደ ፈጣሪ ዞርኩ። የእኛ ዐቢይ ጾም ተጋምሶ ነበር። ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ ከአሮጊቷ መኝታ የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ምንጣፍ የለውም። ጠዋት ጠዋት ቤቱ ሳይነቃ አርባ አንድ ስግደት እሰግድ ጀመር። ተሳልኩ፦ አርባ አንድ ስግደት፣ ኹሩጄ እስኪመጣ፣ አንድም ቀን ሳላቋርጥ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ የእኔ ጸሎት እንዲያ ነበር። ጉልበቷን ፍታልኝ እላለሁ፣ በሠላሳኛው ላይ ላብ ሲያጠምቀኝ ደግሞ፣ ካልሆነም እሷን ውሰዳት እላለሁ። ጸሎቴ ይኸው ነበር፤ አሁን ላሳምረው አልችልም።

ረመዳን ገባ። አንድ ቤት ውስጥ በሁለት ጾም ተቀመጥን። አሮጊቷ የሶላት ሰዓት ሲደርስ በሯን ከውስጥ መቆለፍ ጀመረች። ፊቴን ማየት አስጠልቷት ነው ብዬ ተውኳት፤ እኔም የሷ አስጠልቶኝ ነበር።

በረመዳን መሃል ፋሲካችን ዋለ። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት አይጾምም፣ አይሰገድም፤ ይህን ሕፃን ልጅ ያውቃል። ስለቴ ግን አልደረሰም፤ አንድም ቀን አላቋርጥም ብዬ በቃሌ ታስሬያለሁ። ባቋርጥ ኹሩጁ የሚቀር መሰለኝ። ቄስ የለ፣ የሚጠየቅ ሰው የለ። በተከለከለው ቀን፣ በሴራሚክ ላይ፣ አርባ አንዴ ጉልበቴን እጥላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ስነሳ የግራ ጉልበቴ ቋ ማለት ጀመረ። ቀጥሎ ደረጃ ስወርድ የሚወጋኝ ነገር መጣ። በጨርቅ አስሬው በረጅም ቀሚስ ሸፈንኩት። በዓለ ሃምሳን ስለሻርኩ ተቀጣሁ አልኩ፤ አልኩና ግን መስገዴን አልተውኩም።

መጀመሪያ ያወቀችብኝ አሮጊቷ ናት። ከዒድ በኋላ አንድ ጠዋት መቁጠሪያዋን ጣለችው። ከወራት በኋላ የመጀመሪያዋ ነው። ጎንበስ አልኩ፤ ግራ እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ የአልጋውን ጫፍ ይዤ አነሳሁላት። ዓይኗ ቀሚሴ ላይ ነበር። እንደገና ጣለችው።

«አንድ» አለች በአማርኛ።

አነሳሁ። ጣለችው።

«ሁለት።»

አራት ላይ እንባዬ መጣ። በአራተኛው ልነሳ አልቻልኩም፤ እዚያው ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። መቁጠሪያውን ከእጄ ወሰደችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ረቡዕ ባለሙያዋ መጣችና ሳነክስ አየችኝ። በአሮጊቷ ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ ጨርቁን ፈታች። ጉልበቴን አጥፋ ስትዘረጋው እኔም ሰማሁት፤ አሸዋ የገባበት በር ይመስላል። ምን ስሠራበት እንደነበር ጠየቀችኝ። ነገርኳት፤ ለምን እንደሆነ ሳልነግራት ስንት ስንት ጊዜ እንደሆነ ብቻ። «በሴራሚክ ላይ?» አለችና ራሷን ነቀነቀች። «ዱሮም ያረጀ ነገር ነበረበት፤ ስንት ዓመት ወለል ስታሺ ኖረሻል? አሁን ያንቺ ከሷ ይብሳል።»

አሮጊቷ አልጋዋ ላይ ሆና ሁሉን ሰማች። ማታ ልጇ ሊጠይቃት ሲገባ፣ እኔ ሻይ ይዤ ቆሜ ሳለሁ፣ ፊት ለፊቴ ነገረችው።

«ይህቺ ጉልበቷ አልቋል። ብወድቅ አታነሳኝም። ሌላ አምጣልኝ።»

«ኸላስ» አለ። በቃ ይኸው ነው። ስንት ወር የለመንኩት፣ የሰገድኩለት፣ ሰው ያሠቃየሁበት ኹሩጅ በአሥር ቀን ውስጥ መጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? ፈጣሪ ስለቴን ሰማኝ፤ ጉልበት ጠይቄው ነበርና ከሁለታችን አንዱን ወሰደ።

የመሄጃዬ ቀን ሰኔ ላይ ነው፤ ሪያድ በዚያ ወር በጠዋቱ ያቃጥላል። ሾፌሩ ሻንጣዬን መኪና ላይ ጭኗል። ልሰናበታት ገባሁ። ልቤ ውስጥ የቀረ ደግ ቃል አልነበረኝም፤ ግን አሮጊትን ሳይሰናበቱ መውጣት በእኛ ነውር ነው። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«መስገጃውን አንጥፊልኝ» አለችኝ።

የመጨረሻ ትእዛዟ ነው ብዬ አነጠፍኩላት። ዱላዋን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ተነሳች። ክንዴን አልያዘችም። ሁለት እርምጃ ሄደች፣ እጇን በጭኖቿ ላይ አሳርፋ ጎንበስ አለች፣ ግራ ጉልበቷን አስቀደመች፣ ቀኙን አስከተለች፣ ግንባሯን መስገጃው ላይ አሳረፈች። እዚያው ቆየች። ከዚያ ተነሳች። ባለሙያዋ እንዳስተማረቻት፣ አንድ እግር አቁማ፣ በጭኗ ኃይል፣ ምንም ሳትይዝ። ትንሽ አለከለከች፣ ሌላ ምንም አልሆነችም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከረመዳን መጀመሪያ።»

የተቆለፈው በር ትዝ አለኝ። ከግድግዳው ወዲህ እኔ እንድትሰግድ ስሰግድ፣ ከግድግዳው ወዲያ እሷ ትሰግድ ነበር። የእኔን መውደቅና መነሳት ትሰማ እንደነበር አልጠየቅኋትም። ግድግዳው ስስ ነው፤ የሷን ሳል እኔ እሰማ ነበር።

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ሰው ጠልቼ አላውቅም። ሆኖም ያ የሰገደ ጉልበት የእኔ እጅ ሥራ ነው፤ ፎጣውን የጠቀለልኩት፣ ትራሱን አንድ በአንድ የቀነስኩት እኔ ነኝ። ከጥላቻዬ ሥር ኩራት ቢጤ ነበረኝ፤ እሱ የበለጠ አናደደኝ።

ዱላዋን ከወንበሩ አንስታ ዘረጋችልኝ።

«ውሰጂው። እኔ አልፈልገውም።»

ልወረውርላት ፈልጌ ነበር። ግን ከበሩ ውጭ አሥር ደረጃ አለ፣ ከዚያ ኤርፖርቱ፣ ከዚያ አውሮፕላኑ። ተቀበልኳት። በደህናው እግሬ በኩል፣ በቀኝ እጄ ያዝኩት። እሷ ባዶ እጇን እስከ በሩ ተከተለችኝ፤ ከኋላዬ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ይሰማኛል።

ደረጃው ላይ የታመመውን እግሬን አስቀደምኩ።

«አንድ» አለች ከላይ። «ሁለት። ሦስት።» በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ቁጥር፣ በራሴ አማርኛ፣ በራሴ ዜማ። ሾፌሩ ቀና ብሎ ያየናል። ስድስት። ሰባት። ስምንት።

«ዘጠኝ።»

ዘጠነኛው ላይ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም፤ እግሬ በራሱ ጊዜ ጠበቀ። ግራ እግሬ በአየር ላይ እየተንቀጠቀጠ፣ ዱላውን ጨብጬ፣ አሥር እስክትል ጠበቅኩ። ከላይ የምሰማው ትንፋሿን ብቻ ነበር። ከዚያ የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ራቀ፣ በሩም ተዘጋ።

የመጨረሻዋን ደረጃ ሳትቆጥርልኝ ወረድኩ።